ሠራተኛ አይደላችሁም ስለተባሉት ሠራተኞች



ባለፈው ወር በጥናት ክበባችን ስለ መዋጮ ስንነጋገር አንድ ጓድ፣ «በባዕድ ጦር ሥር የሚደራጁ የሌላ አገር ወዛደሮች ጉዳይ ከእኛ ካዝና ጋር ምን አገናኘው? የራሳችን ቁስል መች ደረቀና!» ሲል ጠየቀ። ጥያቄውን በአድርባይነት ፈርጀው የተቆጡ ነበሩ። እኛ እንደዚያ አላየነውም። በቅን ልቦና ለተጠየቀ ጥያቄ የሚገባው መልስ ነው እንጂ ስያሜ አይደለም።

መልሱ የሚጀምረው ከራሳችን ታሪክ ነው። በ1935 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ሲወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣልኩ አለ፤ ነዳጅን ግን ከዝርዝሩ ውጭ አደረገው። የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። በዚያው ጊዜ በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባን ወደብ፣ ጥቁር ወዛደሮች ለጣሊያን ጦር የሚሄድ ስንቅ አንጭንም አሉ። በገዛ አገራቸው በይለፍ ወረቀት የሚንቀሳቀሱ፣ የዕለት እንጀራቸው በዕለት ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ነበሩ። ከእኛ የሚያገኙት አንዳች ጥቅም አልነበረም። የሳን ፍራንሲስኮ የወደብ ሠራተኞችም በዚያው ዓመት ለጣሊያን ጦርነት የሚውል ዕቃ አንነካም ማለታቸውን ማኅበራቸው እስከ ዛሬ ከኩራቱ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ጓዳችን ስለ ካዝና ካነሳ አይቀር፣ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለብንም በመዝገቡ ይጻፍልን።

አሁን ወደ ኢራቅ እንለፍ። ምሳሌውን የመረጥነው ወረራ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚይዝ ከዚያ ይልቅ ግልጥ ብሎ የታየበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ሳዳም ሁሴን በ1987 ቁጥር 150 የተባለ ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚለው ባጭሩ፣ በመንግሥት ድርጅት የሚሠራ ሰው «ሠራተኛ» አይደለም፣ የመንግሥት ሹም ነው፤ ሹም ደግሞ ማኅበር አያስፈልገውም። በኢራቅ ነዳጁም፣ ወደቡም፣ ባቡሩም፣ ኤሌክትሪኩም የመንግሥት ነው። ስለዚህ የቧንቧ በያጁ፣ የክሬን ነጂው፣ የማጣሪያው ዘበኛ ሁሉ ባንድ ሌሊት ሹመት ተሰጣቸው ማለት ነው! ደመወዛቸው ግን ያው የወዛደር ደመወዝ ነበር። የዓለም ታሪክ ብዙ ዓይነት የሠራተኛ ጠላት አይቷል፤ ሠራተኛውን በአዋጅ ከመኖር የሰረዘ ግን ጥቂት ነው።

በ2003 የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር «ነፃ ልናወጣችሁ መጣን» ብሎ ገባ። የወረራው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር የባዝን ፓርቲ አፈረሰ፣ ሠራዊቱን በተነ፣ ከነዳጅ በቀር የኢራቅን ሀብት መቶ በመቶ ለውጭ ከበርቴ የሚከፍት ድንጋጌ ፈረመ። የሳዳምን ቁጥር 150 ሕግ ግን እንደ ነበረ ተወው። አምባገነኑን ካባረሩ በኋላ ዱላውን አስቀሩት።

የባስራ የነዳጅ ሠራተኞች ግን ሕጉ እስኪሻርላቸው አልጠበቁም። አገዛዙ በወደቀ በሳምንታት ውስጥ ተደራጁ፤ በኦገስት 2003 ሥራ አቁመው የነዳጁን ጉዞ ገቱ። ወራሪው አዲስ የደመወዝ ሰንጠረዥ ሲያወጣ ዝቅተኛውን 69,000 ዲናር አደረገው፤ ይህም 40 ዶላር ገደማ ነው። ማኅበሩ የራሱን ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ እንደገና ሥራ እናቆማለን አለ፤ በ2004 መጀመሪያም ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 102,000 ዲናር ከፍ አለ። ልብ በሉ፣ ይህ የተደረገው በሕግ በማይታወቅ ማኅበር፣ በታንክ መካከል ነው። ባግዳድ ውስጥ ደግሞ በዲሴምበር 2003 የአሜሪካ ወታደሮች የኢራቅ ሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽንን ጽሕፈት ቤት ሰብረው ገብተው ስምንት ሰዎች አሰሩ። በማግሥቱ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለቀቋቸው፤ ቤቱ ግን ለወራት ታሽጎ ቆየ።

እዚህ ላይ በስደት ያለን ተማሪዎች በተለይ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ፌዴሬሽን ከኢራቅ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር ቅርበት ነበረው፤ ፓርቲው ደግሞ ብሬመር ባቋቋመው የአስተዳደር ምክር ቤት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መግባቱ ስህተት ነበር ብለን እናምናለን። ሌሎች ማኅበራት፣ የነዳጅ ሠራተኞቹ ጭምር፣ ጦሩ ይውጣ ሲሉ በግልጽ ይናገሩ ነበር። ነገር ግን በኦክቶበር 2004 ለንደን ላይ በተደረገው የአውሮፓ ማኅበራዊ ፎረም የፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊ ለመናገር ሲቀርብ «ተባባሪ!» ተብሎ በጩኸት ንግግሩ ተቋረጠ። ጮኸው የመለሱት ተራማጆች ነን የሚሉ ናቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2005፣ የዚያው ፌዴሬሽን የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ሃዲ ሳሌህ በባግዳድ ቤቱ ውስጥ ተሠቃይቶ ተገደለ። ይህ ሰው በ1969 በባዝ ፓርቲ ሞት ተፈርዶበት ፍርዱ ተቀይሮለት አምስት ዓመት የታሰረ፣ ኋላም በስዊድን በስደት የኖረ ነው። እንደ እኛ በሰው አገር ወረቀት ሲያባዛ ኖሮ በ2003 አገሩ ገባ።

ጩኸቱ ገደለው አላልንም። የምንለው ሌላ ነው። በሞቀ አዳራሽ ተቀምጦ በታንክ ሥር ላለ ማኅበርተኛ ነጥብ መስጠት ትብብር አይባልም። የመስመር ልዩነት ካለን በጓዳዊ ትችት እንናገር፤ ነገር ግን በሩን አንዝጋ። ይህን በሽታ ከማንም ይልቅ እኛ እናውቀዋለን፤ ስንቱን በስያሜ እንደ ቀበርን አንባቢ ያስታውስ።

የትብብር መልክ ብዙ ነው፤ ክብደቱም አንድ አይደለም። በጁላይ 2005 ኤ.ኤፍ.ኤል.–ሲ.አይ.ኦ. ቺካጎ ላይ ባደረገው ጉባኤ ጦሩ በፍጥነት ይመለስ ሲል ወሰነ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከመንግሥቱ ኋላ ተሰልፎ የኖረ ድርጅት በመሆኑ ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ለዚህ የበቃው ግን በመሪዎቹ ቸርነት አይደለም። ጦርነቱን የተቃወሙ ቅርንጫፎች ከታች ገፍተውታል፤ ጥቂት ቀደም ብሎም የኢራቅ ማኅበርተኞች በየከተማው ዞረው ለአሜሪካ ሠራተኞች በአካል ተናግረዋል። የተናገሩት ስለ ራሳቸው ነው፤ ማንም ስለ እነሱ አልተናገረላቸውም።

ከዚህ ሁሉ የላቀው ግን ሜይ 1 ቀን 2008 ነው። የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች፣ ከእነዚያ የ1935 ሰዎች የወረሱት፣ አስታራቂው ዳኛ ሥራ ግቡ ብሎ ቢያዝም በ29 ወደቦች የቀኑን ፈረቃ አቆሙ። ጥያቄያቸው ደመወዝ አልነበረም፤ ጦርነቱ ይቁም የሚል ነበር። በዚያው ቀን በኡም ቀስርና በኾር አል ዙበይር የኢራቅ ወደብ ሠራተኞች አንድ ሰዓት ሥራ አቆሙላቸው። ማኅበር በሕግ የተከለከለው ማኅበር ለተፈቀደለት አጋርነቱን ገለጸ።

ጦሩ በ2011 መጨረሻ ወጣ፤ የሳዳም ሕግ ግን አልወጣም። በ2010 የኤሌክትሪክ ሚኒስቴር የማኅበሩን ጽሕፈት ቤቶች አዘጋ፤ የነዳጅ ሠራተኞቹ መሪ ሐሰን ጁማዓ በ2013 ሥራ አስቆምክ ተብሎ ተከሰሰ፤ ክሱ በዚያው ዓመት ውድቅ ሆነ። የመደራጀት ነፃነትን የሚደነግገውን የ1948ን 87ኛ ስምምነት ኢራቅ ያጸደቀችው በ2018 ነው። ስለዚህ ትብብር ከጦሩ ጋር ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድ ከሆነ ከመጀመሪያውም ዘመቻ እንጂ ትብብር አልነበረም።

በኦክቶበር 2023 የፍልስጤም የሠራተኛ ማኅበራት ለእስራኤል የሚላክ የጦር መሣሪያ አታምርቱ፣ አታጓጉዙ ሲሉ ለዓለም ሠራተኞች ጥሪ አድርገዋል። የቤልጂግ የትራንስፖርት ማኅበራትና የባርሴሎና ወደብ ሠራተኞች ወዲያው መልስ ሰጥተዋል፤ በጁን 2025 በማርሴይ አጠገብ የፎስ ወደብ ሠራተኞች የመትረየስ ዕቃ አንጭንም ብለዋል። እኛ ክሬን የለንም። ብዙዎቻችን ግን የምናስተምርበት ወይም የምንመራመርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነን፤ ስብሰባው ሲጠራ ግን ስንቶቻችን እንገኛለን?

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነገር እናቀርባለን። እያንዳንዱ አባል በየሥራ ቦታው ማኅበር ውስጥ ይህን ጉዳይ ያንሳ። ከመዋጮው የሚላከው ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ለማኅበራቱ በቀጥታ ይድረስ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ጥያቄውን ያነሳው ጓድ ሒሳቡን እንዲይዝ ይመረጥ፤ እሱ ከሁላችን ይልቅ ስለ ካዝናው ያስባል።