ከመድኃኒቱ በፊት ጫማውን አሳዩኝ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። ዛሬ ግን ስለ ጫማ ልጽፍላችሁ ነው። «ፋርማሲስትን ከጫማ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም ብሆን ጉዳዩ የእኔም መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ያውም ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

አሰላ ተቀምጦ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ደንበኛውን ያውቃል። ገና ጎህ ሳይቀድ ከጭላሎ በኩል በሚወርደው ብርድ ቱታ የለበሱ ልጆች በቡድን በቡድን ሲሮጡ ይታያሉ። ከተማችን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደባት፣ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ያለባት ናት። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደግሞ በቆጂ አለች፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ራሷ ጥሩነሽ የወጡት ከዚያ ነው። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈችው፣ ከአፍሪካ ሴቶችም በዚህ ውድድር የመጀመሪያዋ ባለ ወርቅ የሆነችው ፋጡማ ሮባም የዚሁ አካባቢ ልጅ ናት። እንዲህ ባለ አገር ልጁን «አትሩጥ» የሚል ወላጅ ጥቂት ነው፤ ሊልም አይገባውም። ነገር ግን ጠዋት ሲሮጡ ያየኋቸው ልጆች ረፋዱ ላይ ከመስኮቴ ፊት ይቆሙና «ዳይክሎፌናክ አለ?» ይሉኛል።

ከእነሱ መካከል አንዷን አልረሳትም። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ገደማ ነው። ከእናቷ ጋር መጣችና እናትየው «ዶክተር፣ የእግር ሕመም ኪኒን ስጪን» አሉኝ። (እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ ፋርማሲስት ነኝ፤ በእኛ ከተማ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ሸጥኩላቸው። በዐሥረኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ አሁንም ሸጥኩላቸው። ሰዓቱ ሰልፍ የበዛበት ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆነኝም። በሦስተኛው ስትመጣ ልጅቷ ደረጃውን ስትወጣ ስታነክስ አየኋት።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ እህቴ?» አልኳት። ጎንበስ ብላ በአንድ ጣቷ ብቻ ቅልጥሟን ነካች፤ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል። ቦታውን ጫን ሳደርገው እግሯን መንጭቃ ወሰደች። «ሌሊትም ያምሻል?» ስላት አንገቷን ነቀነቀች። ዓይኔ ከዚያ በኋላ ነው ጫማዋ ላይ ያረፈው። ሶሉ እንደ ዳቦ የወፈረ፣ ሲያነሱት ግን እንደ ላባ የቀለለ ጫማ ነው። እናትየው በኩራት «አጎቷ ከውጭ ነው የላከላት፤ ሻምፒዮኖቹ የሚያደርጉት ነው» አሉኝ። ዘወትር እሱኑ አድርጋ፣ በአስፋልቱም በሜዳውም ትሮጥበታለች። ቁጥሩ ሰፍቷት ስለነበር ሁለት ካልሲ ደርባበታለች።

ያን ቀን ኪኒኑን ከለከልኳቸውና ወደ ሐኪም ላክኋቸው። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሩጫ በማብዛት የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ነጻ ነው» ተብሎ ወደ ሩጫ የሚመለስ ልጅ ስንጥቁን ወደ ስብራት ሊያደርሰው ይችላል። የእሷ በሁለተኛው ራጅ ታየ። ከሁለት ወር በላይ ከሩጫ ቀረች፤ ስትዘጋጅበት የከረመችው የምልመላ ውድድርም አለፋት።

ጫማው ብቻውን ጎዳት አልልም። ልምምዷንም ጨምራ ነበር፤ አመጋገቧም እንደማይበቃ ኋላ ላይ ተረድቻለሁ። ግን ያ ጫማ ለማን እንደተሠራ ማንም አልነገራትም፤ ሕመሙ «አቁሚ» ሲላት ደግሞ የእኔ ኪኒን አፉን አዘጋው።

ታዲያ ጫማው ለማን ነው የተሠራው? ከ2017 ጀምሮ በዓለም ገበያ የወጡት የማራቶን ጫማዎች ሁለት ነገር አላቸው፦ ወፍራምና በጣም የሚነጥር ስፖንጅ፣ በስፖንጁ መካከል ደግሞ ከካርቦን የተሠራ ስስ ግን የማይበገር ጠፍጣፋ። በቤተ ሙከራ የመጀመሪያዎቹ ሲለኩ ሯጩ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጥ የሚያወጣውን ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ያህል ቆጥበውለታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን ሲሆን ዋጋው 500 ዶላር ነበር። አምራቹ አዲዳስ ራሱ ጫማው ለአንድ ማራቶንና እግርን ለማለማመድ ለሚደረግ ጥቂት ሩጫ የታሰበ መሆኑን ገልጿል። አንድ ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ልጆች ያንን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልፉታል!

የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካልም ነገሩን በሕግ ገድቦታል፤ የጎዳና ጫማ ሶል ከ4 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በ2021 ቪየና ላይ አገራችን ልጅ ደራራ ሁሪሳ ማራቶኑን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ፣ ብዙም ሳይቆይ የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነው ተብሎ ድሉ ተሰርዞበታል። ለአንድ ሴንቲ ሜትር!

የጤናውን ነገር ስንመለከት፣ ጠፍጣፋው የእግር ጣት መጋጠሚያ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። መሬት ሲረገጥ የሚመጣው ጫና ግን አይጠፋም፤ ወደ ሌላ አጥንትና ጅማት ይዛወራል። በ2023 ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ላይ የአምስት ሯጮችን ታሪክ አውጥተዋል፤ አምስቱም ባለ ካርቦን ጫማ ይጠቀሙ የነበሩና በእግራቸው መሀል ያለችው ትንሽ አጥንት የተጎዳችባቸው ነበሩ። የአምስት ሰው ታሪክ ማስረጃ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጸሐፊዎቹም ያሉት ወደ እነዚህ ጫማዎች ቀስ በቀስ ይገባ ነው።

«እንግዲያው ጠንካራ፣ ስስ ሶል ይሻላል» ብላችሁም አትደምድሙ። በሉክሰምበርግ 848 ተራ ሯጮችን ይዞ በ2020 የታተመ ጥናት መልካቸው አንድ የሆነ ግን አንዱ ለስለስ፣ ሌላው ጠንከር ያለ ሶል ያላቸውን ጫማዎች ለሁለት ቡድን አደለ። ይበልጥ የተጎዱት ጠንካራውን ያደረጉት ናቸው። ለስላሳው ይበልጥ የጠቀመውም ክብደታቸው ቀለል ያሉትን ሰዎች መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የሜዳ ቴኒስ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ይኖራል፤ ከሥራ በኋላ ቴኒስ ይጫወታል። ለበዓል ሲመጣ ክርኑን ይዞ መጣና እንደ ሁሉም ሰው ኪኒን ጠየቀኝ። ሕመሙ ከክርኑ ውጭ በኩል ነበር፤ የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች ጅማት ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ነው። «ምን ቀየርክ?» ብለው «የራኬቱን ክር» አለኝ።

ነገሩን ሲያስረዳኝ ከጫማው ታሪክ ጋር አንድ ሆነብኝ። ድሮ የራኬት ክር የሚሠራው ከከብት አንጀት ነበር፤ አሁንም የሚሠራ አለ። የሚለጠጥና ለእጅ የሚራራ፣ ግን ውድ ነው። ኋላ ናይሎን መጣ። በ1997 ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩርተን ሉክሲሎን በተባለ የፖሊስተር ክር ተጫውቶ የፈረንሳይን ውድድር ሲያሸንፍ ፖሊስተር ገነነ። ክሩ ደረቅ ነው፤ በኃይል ለሚመታ ተጫዋች ኳሷን እያሽከረከረ ሜዳው ውስጥ ይጥልለታል። የሮጀር ፌደረርን ራኬት ብትመለከቱ ግን ግማሹ ክር አንጀት፣ ግማሹ ፖሊስተር ነበር። ባለሞያውም ቢሆን ድርቀቱን በልስላሴ ያበርደዋል ማለት ነው።

የባለቤቴ ወንድም ግን ሙሉውን ፖሊስተር አስገጠመ፤ በዚያ ላይ በናይሎን ጊዜ የለመደውን 26 ኪሎ ውጥረት እንዳለ ተወው። ደረቅ ክር በኃይል ሲወጠር የኳሷን ምት ክሩ ራሱ አይውጠውም፤ ክርን ይቀበለዋል። ከናይሎን ወደ ፖሊስተር የሚሄድ ሰው ውጥረቱን በ10 በመቶ ያህል እንዲቀንስ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ለእሱ ከ23 እስከ 24 ኪሎ ይሆን ነበር። ሌላም ችግር አለ፦ ናይሎን ሲያረጅ ይበጠሳልና ሰው ይቀይረዋል፤ ፖሊስተር ግን ሳይበጠስ ይሞታል። መለጠጡ ጠፍቶ፣ ደህና መስሎ ራኬቱ ላይ ይቀመጣል። ለልጆችና ለጀማሪዎች ጭራሹን ባይገጠም ይመረጣል። እሱም ወደ ናይሎን ተመለሰ፣ ውጥረቱንም ቀነሰ፤ ለጥቂት ሳምንታት እጁን አሳረፈው። ኪኒኑን አልሰጠሁትም፤ እስካሁን ያኮርፈኛል።

የጫማውም ስፖንጅ ልክ እንደዚያ ክር ነው፤ ላይ ላዩን አዲስ መስሎ ውስጡ ይሞታል። ከልባሽ ተራ የምትገዙ ከሆነ አውራ ጣታችሁን ከጎን በኩል ስፖንጁ ላይ ጫኑ፤ እንደ እንጨት ከሆነ ተዉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞ ባለቤቱ አረማመድ ታትሞበታል፣ የልጃችሁንም እግር ወደዚያው ይስበዋል። ለዘወትር ልምምድ የሚሆን ጫማ ከፊት፣ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ይታጠፋል። መሀሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ አልቆለታል፤ ምንም ካልታጠፈ ደግሞ የውድድር ጫማ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩን ስትለኩ ልጁ ቆሞ፣ በሚሮጥበት ካልሲ፣ ከሰዓት በኋላ እግሩ ሲያብጥ ይሁን፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይቅር። ያልተስማማ ጫማ ከባዶ እግር እንደሚብስ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ አሳይቷል፤ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው በለመደው ባዶ እግሩ የሮጠው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ የተስማማውን አድርጎ ሮጦ አሸነፈ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለአንድ ባለ ካርቦን ጫማ በምታወጡት ገንዘብ ሁለት ጥንድ ተራ የልምምድ ጫማ ይገዛል። ከመላካችሁ በፊት የልጁን እግር በሴንቲ ሜትር አስለክታችሁ ጠይቁ።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ፤ እሱ የራሴ ቤት ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን እንደሚያቆስሉ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የኩላሊቱ ነገር ግን አይነገርም። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ኩላሊት የሚደርሰው ደም እንዳይቀንስበት ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው መከላከያ አለ፤ እነዚህ መድኃኒቶች የሚቀንሱት ይህንኑ ነው። በረመዷን ለሱሑር ኪኒኑን ውጦ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ውሎ፣ ከመግሪብ በፊት ለልምምድ የሚወጣ ልጅ ኩላሊቱን ከሁለት ወገን ያስጨንቀዋል። እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች በየዓመቱ ይገጥሙኛል። በመድረሳ እንደተማርነው ለታመመ ሰው ማፍጠር ተፈቅዶለታል። ኪኒን ሳይውጥ መሮጥ ያልቻለ ልጅ ጤነኛ ነው ወይ? ይህን ለኡስታዛችሁም ለሐኪማችሁም አቅርቡት፤ ሩጫው ግን ያን ቀን ይቅር።

ሕመሙ በሁለቱም እግር ባትና ጭን ላይ ተሰራጭቶ በሁለትና ሦስት ቀን የሚተው ከሆነ የጡንቻ ድካም ነው፤ ዕረፍት ይበቃዋል። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ አጥንት ላይ ያለ፣ ሌሊትም የማይተው ከሆነ ግን ለእኔ አይደለም የሚመጣው፤ ለሐኪም ነው። ለሴት ልጆቻችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ እናቶች ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ግልጽ አድርጌ ልናገር። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ሯጭ ልጅ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብላ አትታለፍ። ብዙ ጊዜ የሚበላው ለሚሮጠው አልበቃም ማለት ነው፤ አጥንቷም እየሳሳ ነው። ያቺ ልጅ «ቀለል ልበል» ብላ ቁርሷን ትታ ኖሯል። በአርሲ ምድር፣ ወተትና ገብስ ባለበት አገር! ከልምምድ መልስ አንድ ብርጭቆ ወተትና ጥቂት ጭኮ ከማንኛውም በቆርቆሮ ከሚሸጥ የስፖርት ዱቄት እመርጥላታለሁ።

ልጅቷ ድናለች፤ አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ጠዋት በሣር ላይ፣ በተራ ጫማ ትሮጣለች። ባለፈው ሰሞን እናቷ ለደም ግፊት መድኃኒታቸው መጥተው «ያንን ጫማ ግን ብሸጠው ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። «ለማን ይሸጡታል እናቴ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለጎረቤት ልጅ ነበር» አሉ። ጫማው አሁንም አልጋ ሥር፣ ካርቶኑ ውስጥ ነው።