የትንቢቱ ምንጭ ወዴት ነው?

ባለፈው ሴሚስተር ከክፍል ስወጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በስልኩ ላይ ያለ ምስል አሳየኝ። ምስሉ «ዘ ሲምፕሰንስ» ከተባለው የአሜሪካ አስቂኝ የካርቱን ተከታታይ ፊልም የተወሰደ ሲሆን፣ ሆሜር የተባለው ቦርጫም አባወራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፎ ይታያል። ከግርጌው «ይህ ካርቱን ሂግስ ቦዞንን ሳይንቲስቶች ከማግኘታቸው 14 ዓመት አስቀድሞ ተንብዮ ነበር» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል።

«መምህር፣ እውነት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አዎን ወይም አይደለም ብዬ ብመልስለት ኖሮ፣ የስልኩን ቃል ትቶ የእኔን ቃል ማመኑ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ ክፍሉ መለስሁትና ጠመኔ ሰጠሁት።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን እንለይ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምስሉ ተቀነባብሮ የተሠራ አይደለም። ሆሜር እንደ ቶማስ ኤዲሰን ፈልሳፊ ለመሆን የሚጣጣርበት ይህ ክፍል ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998 ተላልፏል፤ ቀመሩም በእርግጥ የሂግስ ቦዞንን መጠነ ቁስ የሚመለከት ነው። በሰሌዳው ላይ ያኖረው ከፊልሙ ደራሲዎች አንዱ ዴቪድ ኮኸን ሲሆን፣ እርሱ በሃርቫርድ ፊዚክስ ያጠና ሰው ነው። ቀመሩን ያገኘው ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከሆነው ጓደኛው ከዴቪድ ሺሚኖቪች ነው። «ካርቱን ሠሪዎች ይህን ከየት አወቁት?» የሚለው ግርምት በዚህ ይፈታል።

ሐሰቱ ያለው ከግርጌው ጽሑፍ ላይ ነው። የቅንጣቱን ሐሳብ ፒተር ሂግስ፣ ፍራንስዋ አንግሌርና ሌሎች የፊዚክስ ሊቃውንት ያቀረቡት በ1964 ነው፤ ከካርቱኑ 34 ዓመት ይቀድማል። እንግዲህ ትንቢት የሚባል ነገር ቢኖር በቁጥሩ ላይ ብቻ ነው። ተማሪው አሰላው። የፕላንክን ቋሚ ቁጥር በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ለስበት ቋሚ ቁጥር አካፈለ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስዶ በፓይ አባዛ፤ በመጨረሻም ለ137 ስምንት ጊዜ ደጋግሞ አካፈለ። 1.38 × 10⁻²⁴ ኪሎ ግራም፣ ማለትም 775 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል አገኘ። ጁላይ 4 ቀን 2012 ሰርን መገኘቱን ይፋ ያደረገው ቅንጣት ግን መጠነ ቁሱ 125 ያህል ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ3,000 ይበልጣል የሚለንን ሾፌር መንገድ ያውቃል አንለውም። ደግሞስ ስምንቱ ለምን ስምንት ሆነ? በሰባት ቢተካ መልሱ 137 እጥፍ ያድጋል፤ ቀመሩ ለምርጫው አንዳች ምክንያት አያቀርብም። ቀልድ ነውና አይፈረድበትም።

በዚያው ሰሌዳ ላይ ሌላ ቀልድ አለ፦ 3987¹² + 4365¹² = 4472¹²። አሥር አሃዝ ብቻ በሚያሳይ የሒሳብ ማሽን ከተሞከረ ሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ ይታያል፤ የፌርማ ቲዎረም ግን ይህ ከቶ ሊሆን አይችልም ይላል። ማሽኑን ወይስ ፌርማን እንመን? ማንንም ማመን አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቁጥር አሃዞች ሲደመሩ 27፣ የሁለተኛው 18፣ የሦስተኛው 17 ይሆናሉ። ስለዚህ የግራው ወገን ያለ ቀሪ ለ3 ይካፈላል፤ የቀኙ አይካፈልም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት ጠርዝ ላይ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ እኔም ከመላው ሰሌዳ ይበልጥ የምወደው ይህን ነው።

ወሬው ታዲያ ከየት መጣ? በ2015 በርካታ ጋዜጦች ሆሜር ሂግስ ቦዞንን ቀድሞ እንዳወቀ አድርገው ጽፈዋል። የጠቀሱትም ሳይመን ሲንግን ነበር፤ እርሱ በ2013 በፊልሙ ውስጥ ስላለው ሒሳብ መጽሐፍ አሳትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን 775ም 125ም ተጽፈዋል። በአማርኛችን ምንጭ የሚለው ቃል የውኃውም የወሬውም መጠሪያ ነው። በከተማችን ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ደለል የተሸከመው የአባያ ሐይቅ ግን ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው። ተማሪው በስልኩ የያዘው የሐይቁን ውኃ ነበር።

ነገሩ ተራ ቧልት ነው የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም። በሰርን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዓመታት የፈጀ ልኬት አካሂደዋል። ያ ሁሉ በካርቱን ቀድሞ የታወቀ ምሥጢር ነበር ብሎ ያመነ ወጣት፣ እኛ በቤተ ሙከራ የምናሠራውን ልኬት እንደ ድራማ ቢቆጥረው ምን ይፈረድበታል?

ያ ተማሪ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። «መምህር፣ አርባዎቹን ምንጮችስ የቆጠራቸው ማን ነው?» አለኝ። እኔም አልቆጠርኋቸውም።