ስኮርታው የት ይቀመጥ?

በዚህ ቡሌቲናችን ስለ ሞተር፣ ስለ ነዳጅ ፓምፕና ስለ ፍሬን ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ስኮርታ ግን የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለነገሩ አይገርምም፤ ስኮርታ ተሰቅሎ የሚረሳ ዕቃ ነው፣ የምናስታውሰው ጎማ ሲፈነዳ ብቻ ነው። እኔ ላነሳ የፈለግኩት ደግሞ ስለ ማንኛውም ስኮርታ ሳይሆን፣ ከፍ ተደርገው ከፋብሪካው መጠን የበለጠ ጎማ ስለተገጠመላቸው ፎር ዊል መኪኖች ስኮርታ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና በኋላ እንከራከር፦ ትልቁን ስኮርታ የትና በምን እንደሚሸከም ሳይወስን መኪናውን ከፍ የሚያስደርግ ሰው፣ መኪናውን እንዳለ ቢተወው ይሻለዋል።

"ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ" የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። መኪና ከፍ ማስደረግ የከተማ ልጆች ፋሽን ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን የመርሳ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩን ፋሽን ብቻ ብዬ ማለፍ አልችልም። መርሳ ራሷ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ወልዲያና መቀሌ በሚሄደው አስፋልት ላይ ነች፤ እዚያ ላይ ለሚነዳ ሰው ከፍታው ምንም አይሠራለትም። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ሌላ ነው። ሀብሩ ምዕራቡ ተራራ፣ ምሥራቁ ቆላ ነው። በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የገጠሩን መንገድ አቋርጦ ሲያልፍ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ዘርግፎ ይሄዳል። ውሃው ይጎድላል፣ ድንጋዩ ይቀራል። በዚያ ላይ የዲፈረንሻሉን ሆድ ሳያስመታ ማለፍ የሚፈልግ ሹፌር ትልቅ ጎማ ቢመኝ አልፈርድበትም። ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ ያለውን ክፍተት የሚጨምረው ደግሞ ጎማ ብቻ ነው፤ ባሌስትራ ወይም ሞላ መቀየር ሻንሲውንና ቦዲውን ያነሳል እንጂ አክስሉን አያነሳም። ይሄንን ሦስተኛ ዓመት የደረሱ ጓደኞቼ እንኳ ሲስቱት ሰምቻለሁ።

እስኪ ቁጥር እናስላ። ብዙ ፎር ዊሎች ላይ የሚገኘው 265/70 አር 16 ጎማ ከላይ እስከ ታች 777 ሚሊ ሜትር ነው (265 በ0.7 ተባዝቶ፣ ያ እጥፍ ሆኖ፣ የቸርኬው 16 ኢንች ማለትም 406 ሚሊ ሜትር ሲደመርበት)። ባለ 35 ኢንች የሚባለው 889 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 112 ሚሊ ሜትር ቢሆንም አክስሉን ከፍ የሚያደርገው የዚህ ግማሽ፣ 56 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ጣት ለምታህል ከፍታ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጣጣ! ክብደቱስ? ትልቁ ከብረት ቸርኬው ጋር 40 ኪሎ ያልፋል፤ ከነባሩ ከ10 ኪሎ በላይ ይበልጣል። የፍጥነት ቆጣሪው 60 ሲል መኪናው በእውነቱ ወደ 68 መሄዱን እዚህ ላይ ጠቅሼው ልለፍ፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ባለፈው ክረምት ወልዲያ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ ባለ 35 ኢንች ጎማ ላንድክሩዘር ለሰርቪስ መጣ። አራቱ ጎማዎች አዲስ ናቸው። ስኮርታው ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ትንሹ 265 ነው።

"ጋሼ፣ ይሄኛው አነሰ እኮ፤ ጎማ ቢፈነዳብዎትስ?" አልኩት ሹፌሩን።

"እሱ ለአንድ ቀን ነው ልጄ። መርሳ ላይ ቢፈነዳ ወልዲያ ያደርሰኛል፣ ከዚያ ይሠራል" አለኝ።

ይሄ መልስ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቅኳቸው ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚሉት። እስኪ ያድርሰው እንበልና እናስላው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ትልቁ ጎማ 358 ጊዜ ይዞራል፣ ትንሹ ደግሞ 410 ጊዜ (ጎማ ሲጫን ስለሚጨመቅ ቁጥሩ ትንሽ ይዛነፋል፣ ልዩነቱ ግን ያው ነው)። በየኪሎ ሜትሩ ወደ 52 ዙር ይለያያሉ ማለት ነው። ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ዲፈረንሻሉ ከ1500 ዙር በላይ ልዩነት ሲያቻችል ይከርማል። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች የተሠሩት መኪናው ኩርባ ሲዞር ለአፍታ እንዲሠሩ ነው፤ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ዘይቱ ይግላል፣ ጥርሱም ይበላል። ዲፈረንሻሉ እንዳይንሸራተት ክላች የተደረገበት ከሆነ ክላቹ ነው የሚቃጠለው። ሹፌሩ ጭቃ አገኘኝ ብሎ ፎር ዊል ካስገባ ደግሞ የፊትና የኋላው እኩል ለመዞር ስለሚገደዱ ጭንቀቱ ወደ ትራንስፈር ኬዙ ይሄዳል። ጭቃና ድንጋይ ያለበት ቦታ ደግሞ ጎማ የሚፈነዳበት ቦታ ነው። ስለዚህ ትንሹ ስኮርታ መኪናው ፎር ዊሉን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ፎር ዊሉን ይነጥቀዋል።

የግድ ከሆነስ? የፊት ሀቡ በሚላቀቅ መኪና ላይ ትንሹን ጎማ ፊት ማድረግ፣ ከፊት የወጣውን ደህና ጎማ ወደኋላ ማዛወር፣ ሀቡን ማላቀቅና በቀስታ መንዳት ነው። መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ፍሬን ሲያዝም እንደዚሁ። ሁለት ጎማ በፀሐይ መፍታት የሚወድ ሹፌር ካለ እሺ።

በነገራችን ላይ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ስኮርታ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘን ጊዜ በዚሁ በደሴና በወልዲያ በኩል መንገድ ሲሠራ መኪናውም ቃሉም አብሮ ገባ። "ስኮርታ" በጣሊያንኛ ተጠባባቂ ማለት ብቻ ሳይሆን አጃቢ ማለትም ነው። አጃቢ ደግሞ ከሚያጅበው ሰው እኩል ካልተራመደ ምኑን አጃቢ ሆነ?

"እኔ ኮምፕረሰርና የጎማ መድፈኛ ስለምይዝ ስኮርታ አያስፈልገኝም" የሚሉም አሉ። ሚስማር የወጋውን ጎማ እውነትም ይደፍኑታል። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀደው የጎማውን ጎን ነው፤ የተቀደደ ጎን አይደፈንም።

እንግዲህ ስኮርታው እኩል መሆን አለበት ካልን፣ ጥያቄው 40 ኪሎ የሚያልፍና በርሜል የሚያህል ነገር የት ይሂድ ነው። ፋብሪካው ያዘጋጀው ቦታ ከወለሉ ሥር ከሆነ፣ እንደ ሃይሉክስ ማለቴ ነው፣ ትልቁ ጎማ በሻንሲው ብረቶችና በማርሚታው መካከል አይገባም። ተገፍቶ ቢገባም ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሰውየው ብዙ ብር ከፍሎ ከፊት ያነሳውን ከኋላ መልሶ አወረደው ማለት ነው፤ ከወንዝ ሲወጣ መጀመሪያ ዳገቱን የሚነካው ስኮርታው ይሆናል።

የኋላ በር ላይ ማንጠልጠል የብዙዎች ምርጫ ነው። ፕራዶና ቪታራ ከፋብሪካም እንዲሁ ይመጡ ስለነበር ሰዉ በሩ ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። ሆኖም ማጠፊያዎቹ የተሠሩት ለነባሩ ጎማ ነው። 30 ኪሎ የነበረው 45 ሲሆን ጭነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ጎማው ወፍራም ስለሆነም ክብደቱ ከበሩ ወደ ውጭ ይርቃል። ኮረኮንች ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር ያ 45 ኪሎ በማጠፊያው ላይ እንደ 90፣ እንደ 130 ኪሎ ሆኖ ያርፋል፤ ያውም በቀን ስንት ሺህ ጊዜ። በዚያው ጋራዥ በሩ ወርዶ አልዘጋ ያለ፣ በገመድ ታስሮ የመጣ መኪና አይቻለሁ። ማጠፊያው ቢለወጥም ጥቅም አልነበረውም፤ የተሰነጠቀው ማጠፊያው የታሰረበት የቦዲው ላሜራ ነበር። በሩ ላይ ያለው ትልቅ ጎማ የኋላውን መስተዋት መሸፈኑን አትርሱ። መርሳ ገበያ ውስጥ ወደኋላ የሚል መኪና ከኋላው ልጅም ፍየልም ይኖራል።

ፖርቶመጋላ ላይ መጫንን በተመለከተ ከብዙ ሰው የተለየ ሐሳብ አለኝ። "ጣሪያ ላይ ጎማ ከጫንክ ትገለበጣለህ" ይባላል። የተጋነነ ነው። 2300 ኪሎ የሚመዝንና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና እንውሰድ፤ 45 ኪሎ በ2.1 ሜትር ከፍታ ላይ ቢጫንበት ማዕከሉ የሚነሳው 2.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትልቁ ጎማ ብቻውን 5.6፣ ሞላው ደግሞ ሌላ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አንስቶታል። ከወልዲያ ወደ ጋሸና በሚወስደው የቻይና መንገድ፣ ዲልብ ላይ ያሉትን ጠመዝማዛዎች በፍጥነት ለሚዞር ሹፌር የሚያሰጋው በዋነኛነት ራሱ ከፍ ማስደረጉ ነው። ስኮርታው ይጨምርበታል እንጂ አይጀምረውም።

ጣሪያውን የምቃወመው በሌላ ምክንያት ነው፦ ማን ያወርደዋል? ይሄንኑ አንድ አዛውንት ሹፌር ጠይቄ "አላፊ አግዳሚው ያግዘኛል፤ ወሎ ውስጥ ሰው ተቸግሮ አይቀርም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይቀርም። ነገር ግን ከሁለት ሜትር ከፍታ ላይ 45 ኪሎ ክብ ነገር ሲወርድ ከሥር እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ያ ላግዝ ብሎ የቆመ የገበሬ ልጅ ነው። ጎማው ቢያመልጥ የሚያርፈው እሱ እግር ላይ ነው። ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ተንከባሎ የት እንደሚደርስ እንጃ። የእኛ የሙያ ደኅንነት ትምህርት ጋራዥ ውስጥ ላለው ሠራተኛ ብቻ መሆን ያለበት አይመስለኝም።

መኪናው ውስጥ መጫን ይቻላል፤ በደንብ ከታሰረ። ያልታሰረ እንደሆነ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚወረወር 45 ኪሎ ነው። ከታሰረም የሁለት ሰው ወይም የብዙ ሳጥን ማንጎ ቦታ ይወስዳል፤ የመርሳ ሰው ይሄንን አይሰማችሁም።

የሚቀረው ከበሩ ተለይቶ በኋላ ባምፐር ላይ የሚቆም፣ እንደ በር የሚከፈት የብረት ክንድ ነው። የምደግፈው ይሄንን ነው። እዚህም ግን አሠራሩ ላይ ጠብ አለኝ። የእኛ ብየዳ ቤቶች ክንዱን ከውሃ ቱቦና ከግቢ በር ማጠፊያ ሊሠሩት ይሞክራሉ፤ የግቢ በር ኮረኮንች ላይ አይነዳም። ክንዱ የሚዞርበት ምሰሶ በሁለት የተጎታች ጎማ ኩሽኔታ ላይ መቀመጥ አለበት። ባምፐሩ ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰር፣ በብየዳ አይሁን፤ ብየዳው ያጋለው የሻንሲ ብረት በኋላ የሚሰነጠቀው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ክንዱ ሲዘጋ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የሚያርፍበት መደገፊያ ያስፈልገዋል፤ ይሄ ከተዘለለ ኩሽኔታው ዓመት አይሞላም። መቆለፊያው ሁለት ይሁን። ታርጋውና የፍሬን መብራቱ ከጎማው ኋላ ከተደበቁ ወደ ክንዱ ይዛወሩ፤ ይሄ ለዓመታዊ ምርመራም፣ ከኋላ ለሚመጣው ሲኖትራክም ነው።

ዋጋም አለው። ጎማው፣ ክንዱና ባምፐሩ አንድ ላይ 110 ኪሎ ቢሆኑና ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ወደኋላ ቢወጡ፣ የጎማዎቹ ርቀት 2.98 ሜትር በሆነው ረጅሙ ላንድክሩዘር ላይ የፊት አክስል 44 ኪሎ ያህል ይቀልለዋል። መሪው ይላላል፣ መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ የኋላው ባሌስትራ መጠናከር አለበት። ከፍ ማስደረግ ማለት እንዲህ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው።

ይሄን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ለሀብሩ መንገድ እኔ የምመርጠውን ብትጠይቁኝ 7.50 አር 16 እላለሁ። የገጠር ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ የሚመጡበት ቀጭን ጎማ ማለት ነው። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከ265ቱ ይበልጣል፤ ቀጭን በመሆኑም በነባሩ ቦታ ይቀመጣል። ያው መጠን ጎማ በኤን.ፒ.አር. አይሱዙም ላይ ስለሚገጠም (ቸርኬው ይለያያል እንጂ) መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ያውቀዋል፤ የውስጥ ጎማ ስላለውም በእጅ ተፈትቶ ይለጠፋል። ባለ 35ቱ ሁለተኛ ጊዜ ቢፈነዳ ግን ጎማ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ከተገኘ።

ሰው ግን በእኔ ምርጫ አይኖርም፤ ከፍ የሚያስደርገው ያስደርጋል። ሥራው ደግሞ ወደ እኛ ተመራቂዎች ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሴሚስተር የብየዳ ፕሮጀክት ላይ በየዓመቱ የምንሠራውን የመስኮት ፍርግርግ ትተን አንድ የስኮርታ ክንድ ብንሠራ፣ ኩሽኔታውንም ወርክሾፑ ውስጥ ከቆመው አሮጌ ተጎታች ብንወስድ ብዬ ለመምህራኖቻችን ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ንድፉን ከነልኬቱ በካርቶን ላይ ሠርቼ ከብየዳ ክፍሉ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማስተካከያ ያለው ሰው ይጻፍበት፤ በእርሳስ ይሁን እንጂ፣ ካርቶን ሁለተኛ ላገኝ አልችልም።