ጫጉላ ያለ መኪና

ለሠርጋችን ዘመድ የመኪና አጀብ ይከራይ፤ አልቃወምም። ጫጉላችን ግን ያለ መኪና ይሁን ባይ ነኝ። እጮኛዬ «ድህነትህን በቅኔ ሸፈንኸው» ብላ ሳቀች፤ የባንክ ሠራተኛን ደመወዝ ስለምታውቅ አልተከራከርኋትም። ነገር ግን መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚያዩት መንገዱን ነው፤ ጀልባ ላይ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ያሰብሁት ጣናን ነው። ባሕር ዳርን በብስክሌት፣ ወደ ዘጌ በጀልባ፤ ከዚያ በቡናው ጥላ ሥር በእግር እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች። ክብራን ገብርኤል ለሴት አይፈቀድም፤ ስለዚህ እኔም አልወርድም፤ ደሴቱን ከጀልባው ላይ አብረን እንሳለማለን። በሐይቁ ሰሜን ዳር ካለችው ጎርጎራ እስከ ጎንደር ግን (እዚህ ላይ እሸነፋለሁ) አውቶቡስ ግድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ጦርነት ዕቅዱን አዘገየው። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፤ የጀልባው ቀን ገና ነው።