የጠፋ እጅ ደመወዝ

ዛሬ በበዓል ሰሞን ብዙ ጊዜ የማይነሣ የቤት ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት የአካል ጉዳት ካሳ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን እንዴት ሊይዘው ይገባል የሚለው ነው።

በምናገለግልበት ደብር በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት የቀኝ እጃቸውን ጣቶች መጋዝ ቆርጧቸው ነበር። ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን እስኪወስኑና ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር ብዙ ወራት አለፉ፤ ካሳው የደረሳቸውም በ2014 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ነው። ወሬው ግን ከገንዘቡ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። በፋሲካ በግ ታረደ፣ ዘመድ ተጠራ። የእኅታቸው ልጅ ለባጃጅ መግዣ ብድር ጠየቀ፣ ጎረቤት ለጣራ ቆርቆሮ። እኛም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ መደበቅ አይገባንምና እንናገረው፣ የሕንፃ ማሠሪያ ደረሰኝ ይዘን ሄድን። ጰራቅሊጦስ ሲደርስ የገንዘቡ እኩሌታ አልቆ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ገንዘብ ምንድን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚደነግገው፣ ካሳው በአንድ ጊዜ በሚከፈልበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙ ይሰጠዋል፤ ጉዳቱ ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ በመጠኑ ይሰላል። አሠሪው መድን የገባ ከሆነ ከፋዩ የመድን ድርጅቱ ነው። እስቲ እናስላው። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው የአምስት ዓመት ደመወዙ 360,000 ብር ነው። ጉዳቱ 40 በመቶ ተብሎ ቢወሰን 144,000 ብር ይደርሰዋል። በአንድ ቀን እጅ ሲገባ እጅግ ብዙ ይመስላል። ሰውየው ገና ሃያ ዓመት የመሥራት ዕድሜ የቀረው ከሆነ ግን ገንዘቡ ለነዚያ ዓመታት ሲከፋፈል በወር 600 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ዕጣ እንደ ወጣለት ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» የምንለው በምን ምክንያት ነው?

ከዚህም በላይ ገንዘቡ የሚመጣው ዕዳ ወዳለበት ቤት ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት የተጎዳ ሠራተኛ በሕክምና ላይ ሳለ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ደመወዝ እኩሌታ በሆነባቸው ወራት የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ እኩሌታ አልሆኑም። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ባልና ሚስት ተቀምጠው የሱቁን ዱቤና የጎረቤቱን ብድር በወረቀት ቢጽፉና ቢከፍሉ መልካም ነው። ቀጥሎ የጥቂት ወራት ቀለብና የሕክምና ክትትል ወጪ ለብቻው ይቀመጥ። የቀረውን ለተወሰነ ጊዜ ባይነኩት ይሻላል፤ ሐዘኑ ገና ያልበረደለት ሰው የንግድ ውል ለመፈረም አይቸኩል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡን ለዘለዓለም በባንክ ማስተኛትም አያዋጣም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል ብዙዎች ደስ ብሎን ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ብር ከዶላር አንጻር የነበረውን ዋጋ በብዙ አጥቷል። በመሆኑም የቀረው ገንዘብ ቀስ እያለ፣ ቤተሰቡ በሚያውቀው ሥራ ላይ ይዋል። በቴሌቪዥን ያዩት ሥራ ላይ አይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው «እንቢ» ማለት ነው። አዋጁ ይህ ካሳ ግብር እንዳይከፈልበት፣ በዕዳ እንዳይያዝ፣ ለሌላም እንዳይተላለፍ አድርጎ ጠብቆታል፤ የሥጋ ዘመድ በበዓል ቀን ቡና እየጠጣ የሚያቀርበውን ልመና ግን የሚከለክል አንቀጽ የለውም። እኅት ወንድሟን ስትለምን በክፋት አይደለም፤ እርሷም ችግር አለባት። ቢሆንም በሕግ ያልተፈረደበትን ባለ ካሳ የሰፈር አበዳሪ ልናደርገው አይገባም።

ስለ አሥራትም እንጠየቃለን። አስተያየታችን ይህ ነው፦ አሥራት ከሚገኝ በረከት የሚወጣ ነው፤ ካሳ ግን የጠፋ እጅ ምትክ እንጂ ትርፍ አይደለም። በገንዘቡ ተነግዶ ከሚገኘው ትርፍ አሥራት ቢወጣ የተገባ ነው። ጌታችን ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚያስቀሩትን እንደ ገሠጻቸው በወንጌል እናነባለን፤ የልጆችን ቀለብ ለደወል ቤት ማሠሪያ መቀበልም ከዚያ የሚርቅ አይመስለንም። በዚህ የማይስማሙን አባቶች እንዳሉ እናውቃለን።

እኒያ አባት ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በሁለት ፊርማ ብቻ ወጪ የሚደረግበት ሒሳብ ከፈቱ፤ በቀረው ገንዘብም በቤታቸው ሽሮና በርበሬ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ። ባጃጁ እስካሁን አልተከፈለም። እኛ ግን በቀጣዩ ዓመት የተቀበልነውን ልንመልስ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተማክረን ወደ ቤታቸው ሄደን ነበር። «ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልመልስም፤ ይልቅ በርበሬ ግዙኝ» አሉን። ገዛናቸው።