የ12ኛ ክፍል ጭነትና አጫጫኑ

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ክርክሩ ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን ልጆቹ አያነቡም፣ ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ ጊዜያቸውን በልቶታል ይላል። ሌላኛው ትምህርቱ በዝቷል፣ መጽሐፉ ወፍሯል፣ ፈተናው ከተማሪው አቅም በላይ ሆኗል ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ብዛት ነው። የሌሎች አገሮችን የመጨረሻ ዓመት ከእኛው ጎን አስቀምጦ ለተመለከተ ግን የጭነቱን መጠን ያህል አጫጫኑም እንደሚወስን ይገለጥለታል። ሥራው በስንት ዓመት ተከፋፍሏል? በስንት የትምህርት ዓይነት ላይ አርፏል? የተማሪው ዕድል በስንት ቀን ይወሰናል? እንደ እኔ እምነት የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ የ12 ዓመት ትምህርት ሒሳብ በሙሉ በጥቂት የፈተና ቀናት ይወራረዳል፤ ከዚያ በፊት በየደረጃው የተጠራቀመው ዕዳም የሚከፈለው በዚያው ሰሞን ነው።

ስለ ከባድ የመጨረሻ ዓመት ሲወራ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው ደቡብ ኮሪያ ናት። ሱንኡንግ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር ወር፣ በአንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማምሻ ይሰጣል። የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ግማሽ ሰዓት ገደማ በመላ አገሪቱ አውሮፕላን እንዳይነሳና እንዳያርፍ ይደረጋል። አንድ ቀን ይህን ያህል ሲከብድ ከፊቱ ያሉት ዓመታት ሁሉ ወደ እሱ ያዘነብላሉ። ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሃግዎን ወደሚባሉት የግል ማስጠኛ ተቋማት ይሄዳል፤ የሴኡል ከተማ አስተዳደር እነዚህ ተቋማት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ እስከ መከልከል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሪያ ቤተሰቦች ለግል ማስጠኛ ያወጡት ገንዘብ ከ27 ትሪሊዮን ዎን በላይ ነበር፤ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ካሉት ተማሪዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ተካፋዮች ነበሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ራሱ ማስጠኛ ያልገባ ተማሪ ሊመልሳቸው የማይችላቸውን እጅግ ውስብስብ ጥያቄዎች ከፈተናው እንዲወጡ አዘዘ። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ከተፈታኞቹ ሲሶ ያህሉ ቀደም ብለው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱና እንደገና ለመፈተን የተመለሱ ናቸው። በአንድ ቀን ላይ የተንጠለጠለ የመጨረሻ ዓመት ለብዙዎች ሁለትና ሦስት ዓመት ሆኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ጥያቄ ይነሳል። ኮሪያም ሆነች ቻይና ለዛሬው ደረጃቸው የበቁት ልጆቻቸው እንዲህ ስለለፉ አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልፋት ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ሰዓት በጨመረ ቁጥር ዕውቀት በዚያው ልክ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ፒሳ የተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና የ15 ዓመት ልጆች በትምህርት ቤትና ከትምህርት ቤት ውጭ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚማሩ ተጠይቀው ነበር። የፊንላንድ ልጆች 36 ሰዓት ገደማ፣ በቤይጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጂያንግሱና በጓንግዶንግ ያሉት ቻይናውያን ደግሞ 57 ሰዓት ገደማ ይማሩ ነበር። በሒሳብ ቻይናውያኑ በ20 ነጥብ በልጠዋል። በሳይንስ ግን ፊንላንዳውያኑ 531 ሲያመጡ እነሱ 518፣ በንባብ ፊንላንዳውያኑ 526 ሲያመጡ እነሱ 494 አግኝተዋል። በየሳምንቱ የተጨመረው ከ20 ሰዓት በላይ ጥናት በአንድ ትምህርት ብልጫ ሲያስገኝ በሁለቱ አላስገኘም። በእርግጥ እነዚህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አይደሉም፤ የፊንላንድ ውጤትም ከዚያ ወዲህ ወርዷል። ስለዚህ ፊንላንድን እንደ ተአምር አላቀርባትም። ማስረጃው የሚለው ይህን ብቻ ነው፤ ሰዓት ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ቻይና ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ2021 መንግሥቷ ለትርፍ የሚሠሩ የማስጠኛ ድርጅቶችን በግዴታ ትምህርት ክፍሎች ላይ ጠበቅ ባለ መመሪያ አገደ። ጋኦካኦ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ግን ባለበት ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 13.42 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ። ፈተናው እንዳለ ሆኖ ማስጠኛውን መከልከል ጫናውን ከቦታ ወደ ቦታ ከማዛወር አያልፍም።

ወደ ፊንላንድ የመጨረሻ ዓመት ስንሻገር ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አናገኝም። ፈተናው ቀላል አይደለም፤ አንዱ ፈተና ብቻውን እስከ ስድስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ከእኛ ተማሪ ይልቅ የፊንላንዱ በአንድ ወንበር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል። ልዩነቱ በአደረጃጀቱ ላይ ነው። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጸውና በፀደይ፣ ይሰጣል። ተማሪው ቢያንስ አምስት ትምህርቶችን መፈተን ሲኖርበት በሦስት ተከታታይ ዙሮች ሊከፋፍላቸው ይችላል። ሒሳብን በአንዱ ዙር፣ ቋንቋን በሌላው፣ የቀረውን በሦስተኛው ይወስዳል። ሥርዓተ ትምህርቱም ይህን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃው ኮርሶች አንድ በአንድ ስለሚጠናቀቁ ያለቀውን ትምህርት ተፈትኖ መገላገል ይቻላል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች መደበኛ ክፍላቸው በፈረንጆቹ የካቲት ያበቃና በመጋቢት ለሚሰጠው ፈተና ለማንበብ ጊዜ ያገኛሉ። አንድ ልጅ በአንዱ ፈተና ቢወድቅ ያንኑ በሚቀጥለው ዙር ይደግማል፤ ሌላው ውጤቱ እንደተጠበቀ ይቆያል። የሥራው መጠን ከብዙ አገሮች ያን ያህል አይቀንስም፤ ነገር ግን ልጁ ሁሉንም በአንድ ትከሻ፣ በአንድ ቀን እንዲሸከም አልተፈረደበትም።

የጀርመን ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። አቢቱር በሚባለው የማጠናቀቂያ ምዘና ከፍተኛው ነጥብ 900 ሲሆን እስከ 600 የሚደርሰው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የክፍል ውጤት ይመጣል፤ ለመጨረሻው ፈተና የሚቀረው 300 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራ ተማሪ በአንድ መጥፎ ቀን ሁሉን አያጣም፤ ሁለት ዓመት የተኛም በአንድ ሰሞን ሽምደዳ ሁሉን አይወስድም። እነዚሁ ጀርመኖች አጫጫኑን ያበላሹበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ አብዛኞቹ የምዕራብ ጀርመን ክልሎች ጂምናዚየም በሚባሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ትምህርት ከዘጠኝ ዓመት ወደ ስምንት ዝቅ አደረጉ። የሚማረው ነገር ግን በአንድ ዓመት ያህል አልቀነሰም። ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን ለዓመታት አቤት ካሉ በኋላ ታችኛው ሳክሶኒ፣ ባቫሪያና ሌሎችም ክልሎች ወደ ዘጠኝ ዓመቱ ተመለሱ። ያው ትምህርት በጠበበ ጊዜ ሲጫን ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

በሌሎቹ ላይ ብዙ አልቆይም። እንግሊዝ በተቃራኒው መንገድ ሄዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ ኤ ሌቭል የሚባለው የሁለት ዓመት የማጠናቀቂያ ትምህርት ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ በአንድ ላይ የሚፈተን ሆነ። ይህ ከእኔ ክርክር ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ነገር ግን የእንግሊዙ ተማሪ በአብዛኛው የሚሸከመው ሦስት የትምህርት ዓይነት ነው፤ ፈተናውን ወደ መጨረሻ ሲያከማቹት ዓይነቱን ጥቂት አድርገውታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ባካሎሪያ የሚባለውን የማጠናቀቂያ ምዘናዋን ውጤት 40 በመቶ ከተከታታይ ምዘና፣ 60 በመቶ ከፈተና እንዲሆን አድርጋለች። ባግሩት የሚባለው የእስራኤል የማጠናቀቂያ ምዘና ፈተናዎቹን በተለያዩ የክፍል ደረጃዎች ያዳርሳል። አሜሪካ ብሔራዊ የማጠናቀቂያ ፈተና የላትም፤ ኮሌጆች የሚያዩት የአራት ዓመት ውጤት ነው። በዚያ አገር ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ዋናው ነገር 12ኛ ክፍል ነው ብሎ ቢጠብቅ የ9ኛ ክፍል ውጤት ቀድሞ መዝገብ ውስጥ መግባቱን ዘግይቶ ይደርስበታል።

አሁን ወደ አገራችን። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን 896,520 ተማሪዎች ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በ2017ም ከ585,882 ተፈታኞች ያለፉት 48,929 ብቻ ናቸው። ይህ ውጤት በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ አይደለም። በአንደኛ ደረጃ በደንብ ማንበብ ሳይችል ያለፈው፣ በእንግሊዝኛ መማር ሲጀምር ቋንቋው ያልገባው፣ ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪን የጨረሰው፣ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚሠራ የቀኑን ግማሽ ብቻ የተማረው፣ በጦርነት ምክንያት ወራትና ዓመታት ያመለጡት ልጅ ሁሉ ዕዳውን ይዞ የሚመጣው ወደዚያ አንድ ሳምንት ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውኃና ማገዶውም አለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ በመካከል ላይ ተማሪውን ቆም አድርጎ የት እንዳለ የሚነግረው አገር አቀፍ ምዘና የለም። በመጨረሻ ላይ ብዙዎች ወደቁ ሲባል ደግሞ ከማለፊያው በታች ያመጡ በርካታ ተማሪዎች ለማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል በሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደረገ። ኮሪያዊው በራሱ ገንዘብ የሚጨምረውን ዓመት እኛ በመንግሥት ወጪ ጨመርነው። የ12ኛ ክፍል ጭነት ሞልቶ ወደ 13ኛ ዓመት ፈሰሰ።

መፍትሔው እንደ ጀርመን የትምህርት ቤት ውጤትንም መቁጠር ነው ሲባል የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ ኩረጃ ነው። የትምህርት ቤት ውጤት ይቆጠር ማለት ውጤት ይቸብቸብ ማለት ነው ይባላል። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ወጥቶ እንዲሰረዝና በሌላ እንዲተካ መደረጉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው እንዲፈተኑ የተወሰነውም በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ቢቀጥልም እደግፋለሁ። ነገር ግን ብሔራዊው ፈተና ሐቀኛ ከሆነ የትምህርት ቤቱን ውጤት ማረሚያ ሊሆን ይችላል። አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ በአማካይ 90 ሰጥቶ እነዚያው ልጆች በብሔራዊው ፈተና 30 ካመጡ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት በፈተናው ልክ ዝቅ ብሎ ይያዝ። ያኔ ውጤት ያጋነነ ትምህርት ቤት የሚያተርፈው ነገር አይኖርም፤ ከክፍል ጓደኞቹ በልጦ በየዓመቱ የሠራው ልጅ ግን ልፋቱ ይቆጠርለታል። ድርሻው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሁን፣ 10 ወይም 15 በመቶ፤ ታይቶ ይጨመር ወይም ይቀነስ።

ሌላው ተቃውሞ ጭነቱን ማከፋፈል ደረጃን ማውረድ ነው የሚል ነው። አይደለም። የስድስት ሰዓቱን የፊንላንድ ፈተና የሚያየው ሰው ማከፋፈል ማቅለል እንዳልሆነ ይረዳል። ጥያቄው እንደከበደ ይቆይ፤ ማለፊያውም ካስፈለገ 50 ይሁን። ከባድ ፈተና እውነቱን አሳይቶናል፤ ከ2014 እስከ 2017 የታየው የአራት ዓመት ውጤት ግን ማሳየት ብቻውን እንደማያድን አሳይቷል። ሁለተኛ ዙር ፈተና ይሰጥ ሲባል ወጪ የሚሉም አሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ሁለት ጊዜ ወደ ግቢ ማመላለስ አገሪቱ አትችለውም ይላሉ። ሁሉንም ማመላለስ ግን አያስፈልግም። ዛሬ የወደቀ ተማሪ በግል ተፈታኝነት ለመመለስ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ለማለፊያው የቀረቡትን፣ በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት ብቻ የጎደሉትን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በጎደላቸው ትምህርት ብቻ በኮምፒዩተር መፈተን ይቻላል፤ የኮምፒዩተር ፈተናው ተጀምሯል። ለሪሚዲያል ተማሪዎች መኝታና ቀለብ ለወራት የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ሊውል ይችላል።

ትምህርት ሚኒስቴር ሦስት ነገሮችን እንዲጀምር እጠይቃለሁ። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የማይቆጠር፣ ተማሪውም መምህሩም ጉድለቱን የሚያውቅበት አገር አቀፍ የ10ኛ ክፍል ምዘና ይሰጥ። በየትምህርት ዓይነቱ የሚደገም ሁለተኛ ዙር ፈተና በተወሰኑ ዩኒቨርሲቲዎች ይሞከር። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት በብሔራዊው ፈተና እየታረመ በትንሽ ድርሻ ይያዝ። ወላጆችም ልጃቸው 9ኛ ክፍል ሲገባ የሚያነበውን መጠየቅ ይጀምሩ፤ ማስጠኛ ፍለጋ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ መሮጥ የዘገየ ነው።