የሚያስቸግረው ፊደሉ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ሸማ ተራ ካለ ነጋዴ ደንበኛዬ የስልክ መልእክት ደረሰኝ። አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፏል። «ወንድምህ» የሚለውን ለየሁ፤ ቀጥሎ ያለው ቃል ግን ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ ነው። መጣ ወይስ መታ? ደንግጬ ደወልኩ። ወንድሜ ሱቁ ድረስ መጥቶ ኖሯል።

«በፊደላችን ብትጽፍ ምን አለበት?» ብለው «ብዙ ነው፤ ያስቸግራል» አለኝ። ይህ ክስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከተለኝ ኖሯል። ድሮ ጥፋቱ የመሣሪያው ነበር፤ ዛሬ ግን የእኛው ነው።

ተክለ ሃይማኖት፣ ከደብሩ አጠገብ፣ የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ያስቆጥሩን ነበር። 33 ቤት በሰባት በሰባት፣ 231 ፊደል። የነጋዴውም የተሸካሚውም ልጅ እኩል ዘለቀው። በዛ ብሎ የቀረ ልጅ አላስታውስም።

በ1970ዎቹ ታይፕ ልማር ስገባ ነው ፊደሌ ሲቆራረጥ ያየሁት። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩም ሆኑ ተከታዮቻቸው፣ ያን ሁሉ ፊደል በጠባብ ገበታ ላይ ማስፈር ነበረባቸው። ስለዚህ ግዕዙ ይመታና ቅጥያው ለብቻው ይመታል፤ የ«ሉ» ክንድ ከገላዋ ተነጥሎ ሲቀር ዓይኔ ያመኝ ነበር። መኪናው ጠበበ ተብሎ ፊደሉ ይቀነስ ያሉም ነበሩ። ጫማው ጠበበ ተብሎ ጣት ይቆረጣል?

ኮምፒውተር ሲመጣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን መለያ ቁጥር ሰጠው። በአንዱ የጻፍኩት ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆነ። ይህንን የፈታው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ነው፤ ፊደላችን በእ.ኤ.አ. 1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ የእጅ ስልኮች ግን ያን ጊዜም ፊደላችንን አያሳዩም ነበርና በላቲን የጻፈ ሰው አይወቀስም።

አሁንስ? ገበታው በስልኩ ውስጥ አለ። «ለ»ን ነክቶ «ሉ»ን ማውጣት የአንድ ሳምንት ልምምድ ነው። ነጋዴው የዶላሩን ምንዛሪ በቃሉ ያሰላል፤ ጣቱን ይህ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ጎረቤቴ ያሉ እናት በየማለዳው ዳዊት ይደግማሉ። የልጅ ልጃቸው ከዓረብ አገር የምትልከውን መልእክት ግን ማንበብ አይችሉም፤ በላቲን ነው። ስልካቸውን ይዘው በራፌ ላይ ይቆሙና «ልጄ፣ ይቺ ምን ትላለች?» ይሉኛል። የልጅቱን ምስጢር ለእርሳቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ።